ለሦስት ቀን የተዘፈዘፈው ሥጋ

ስለ እጅ ጽሕፈቱ ይቅርታ። ስለ ፊደሉም ይቅርታ፤ ዳሪኒ ስድስተኛ ክፍልን የጨረሰችው በጭንቅ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የገበያ ዝርዝርና ስሟን ካልሆነ ምንም ጽፋ አታውቅም። ወረቀቱ የሆስፒታሉ ነው፣ በፊት ለፊቱ በሽተኛ በቀን ስንት ጊዜ እንደሸና የሚሞላበት ሠንጠረዥ አለው፣ እሷ በጀርባው ነው የምትጽፈው። ጋሼ ጂያ-ሆንግ «በአፍሽ መናገር ካቃተሽ በአገርሽ ቋንቋ ጻፊው፣ ሥራ ያስቀጠረሽ ወኪል ይተረጉምልኛል» ስላሏት ነው የምትጽፈው። «እኔ» ብላ ስትጀምር እጇ ስለሚቆም «እሷ» እያለች ትቀጥላለች፣ ለዚህም ይቅርታ።

የጠየቋት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የእናታቸው ሕመም የጀመረው የትኛው ቀን ነው? ማክሰኞ ዕለት ወጣቱ ሐኪም የእናታቸውን፣ የአማን፣ የጭንቅላት ፎቶ አሳያቸው፣ «ይኼኛው ትናንት ሰኞ ሲወድቁ የሆነው ነው» አለ በእስክሪብቶው እየነካ፣ «ይኼኛው ግን የቆየ ነው፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይሆነዋል፣ ያን ጊዜ አብሯቸው የነበረው ማን ነው?» ሁሉም ዞረው ዳሪኒን አዩአት፣ ጋሼ ጂያ-ሆንግም፣ ሚስታቸው እትዬ ሜይ-ሁዋም፣ ነርሷም። «አፋቸው የተጣመመበት ቀን አለ? ዕቃ ከእጃቸው የወደቀበት? ምግብ አልጣፍጥ ያላቸው?» ምግብ አልጣፍጥ ያላቸው ሲል ሰውየው ማድ ቤት ቆሞ ሲያያቸው የከረመ መሰላት። «የለም» አለች። አንዲት ቃል ናት፣ ከአፏ ወጣች፣ እስከ ዛሬ ሐሙስ ድረስም ተመልሳ አልገባችም። ሐኪሙ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ጋሼም አብረው ይመጣሉ፣ ቀኑ ታውቆ ነው አሉ መድኃኒቱ የሚለየው። አሁን ሰባት ሰዓት ነው። ክፍሉ በሙሉ የምሳ እንቅልፍ ተኝቷል፣ መጋረጃው ተጋርዷል፣ አጠገቧ ያሉት በሽተኛ ያንኮራፋሉ፣ እሷ ከሰኞ ጀምሮ ዓይኗ አልተከደነም። ስትከድነው የዘይት ድምፅ ይሰማታል፣ ቸር ቸር ቸር የሚል፣ ስትገልጠው አማን ታያለች፣ በአፍንጫቸው የገባውን ቀጭን ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የሚወርደውን ወተት የመሰለ ነገር፣ በቀን ስድስት ጊዜ፣ ራሷ ናት የምታፈሰው፣ ነርሷ አሳይታታለች፣ «ቀስ አድርጊ፣ አየር እንዳይገባ» ብላታለች። እጇ ያፈሳል፣ ልቧ ግን ይኼ ቱቦ የአማ ነው ብሎ አላመነም፣ ሌላ ሰው አልጋ አጠገብ መጥታ የተቀመጠች ይመስላታል።

አማ ማለት አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዳሪኒ እሳቸውን ልትረዳ በሠራተኝነት የመጣች ዕለት፣ ዓመት ከመንፈቅ አለፈው፣ ወረቀቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ይላል፣ እሷ ግን አሥራ ስድስት እንኳ አልሞላትም ነበር፣ ይኼንንም ያንብቡት፣ ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል፣ አማ ማድ ቤት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች አዩአትና «አሳማ ትበያለሽ?» አሏት። «አልበላም አማ፣ በሃይማኖቴ ሐራም ነው።» «ትነኪያለሽስ?» እጆቿን አየች። እናቷ ከአገሯ ከኢንድራማዩ ስትሸኛት እጅሽ እንዳይነካው ብላታለች፣ ወኪሉ ደግሞ የፈረምሽው ወረቀት ላይ እነካለሁ ብለሻል ብሏታል፣ ወረቀቱን ያነበበላት ሰው አልነበረም። አማ መሳቢያ ከፍተው ጓንት ጣሉላት። «ስሚኝ አንቺ ልጅ፣ እጅ የአንቺ፣ ምላስ የእኔ። አንቺ ትዘፈዝፊያለሽ፣ ትጠብሺያለሽ፣ እኔ እቀምሳለሁ። አንድ ቀን ቅመሺ ካልኩሽ አፌ ይጣመም» አሉ። አንድም ቀን ቅመሺ አላሏትም፣ ይኼ ይጻፍላቸው፣ እስከ መጨረሻው አላሏትም።

የአሳማው ሥጋ ከሆዱ በኩል ነው የሚገዛው፣ ቀይ ሥጋና ጮማ የተደራረበበት። የቀይ ሩዝ አረቄ ሲወጣ ከሥር የሚቀረው አተላ አለ፣ ደም የመሰለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚይዝ፣ እሱን ከጥቁሩ የአኩሪ አተር መረቅ፣ ከስኳር፣ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከአምስቱ ቅመም ድብልቅ ጋር ትለውሰዋለች፣ ከዚያ ሥጋውን ታሸዋለች፣ አማ «የታመመ ሰው ወገብ አስመስለሽ እሺው» ይላሉ። ሦስት ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይተኛል፣ ጠዋት ጠዋት ይገለበጣል፣ በሦስተኛው ቀን የስኳር ድንች ዱቄት ለብሶ ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ሲቆረጥ ዳር ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ነጭ። ከዚያ በፊት ግን ከጠርዙ የጣት ያህል ተቆርጦ ለብቻው ይጠበሳል፣ አማ ቆመው ይቀምሱታል፣ የጎደለው ይጨመርበታል። የማለዳ ገበያው ሥጋ ሻጭ አ-ሺንግ ገና ከሩቅ ሲያያት ይጮኻል፣ «ዶክተሯ መጣች! ዛሬም ጓንት! ሥጋዬ ይነክሳል እንዴ የኔ እህት?» እሷ አንገቷን ትደፋለች፣ «ሁለት ኪሎ፣ ከሆዱ» ትላለች ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። «ለአማሽ ነው? እንግዲያው ጮማውን አልሸውድሽም፣ አሮጊቷ ባለፈው ዓመት መልሳ አምጥታ ፊቴ ላይ ልትወረውረው ነበር!» ይላል፣ ገበያው ይስቃል፣ እሷም በጭምብሏ ውስጥ ትስቃለች። እሁድ እሁድ እናቷ ትደውላለች። «በላሽ?» «በልቻለሁ።» «ምን?» «ሩዝ በዓሣ።» «ያንን ነገርስ?» «በጓንት ነው እማ።» «አልሐምዱሊላህ። ለጎረቤታችን ለሐጂ ካርሳን ሚስት ነግሬያታለሁ፣ ልጄ እንደዚያ ያለ ቤት ገብታ ምላሷ ንጹሕ ነው ብዬ፣ በቅናት ልትሞት ነው።»

ማክሰኞ ነው የጀመረው። አማ ከወደቁበት ሰኞ ሃያ ቀን ቀድሞ። ጋሼ ጂያ-ሆንግ፣ መልሱ ይኸው ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት። ጥርሳቸውን ሲፍቁ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ፣ የተጉመጠመጡት ውኃ በግራ በኩል በከንፈራቸው ፈሰሰ፣ ሳቁ፣ ሳቃቸው በአንድ ወገን ብቻ ነበር። «ነፋስ ነው የመታኝ» አሉ፣ አንገታቸውን በዘይት አሸችላቸው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አፋቸው ተመለሰ፣ ሩዛቸውን በሉ፣ እሷም ረሳችው፣ እውነት ነው ረስታው ነበር፣ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ነፋስ ነው ካሏት ነፋስ ነው ትላለች። በዚያ ሳምንት ሥጋውን ሲዘፈዝፉ ግን አማ ጎንበስ ብለው ያሸቱና «ጨምሪ» ይላሉ፣ መረቅ ትጨምራለች፣ «ጨምሪ» ይላሉ ደግሞ፣ «አማ በዛ» ስትላቸው «ስድሳ ዓመት የሠራሁትን አንቺ ታስተምሪኛለሽ?» ይሏታል። ቀመሱ። «ጥሩ ነው» አሉ።

እሁድ ቤተሰቡ መጣ። እትዬ ሜይ-ሁዋ አንድ ጉርሻ ወስደው በመሐረብ ተፉት። «እማማ፣ ባሕሩን ነው እንዴ የደፉበት?» ጋሼ ጂያ-ሆንግ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጡ። በኋላ ሰሃን ስታጥብ በመስኮቱ ሰማቻቸው፣ መኪናቸውን ተደግፈው፣ በአማ የድሮ ቋንቋ ነው ያወሩት፣ አታውቀውም ብለው ነው፣ ከአማ ተምራዋለች እኮ። «ሌላውን ብትረሳ አይገርመኝም፣ ይኼን ሥጋ ከተሳሳተች አእምሮዋ እየሄደ ነው» አሉ ጋሼ። «ያ የአረጋውያን ማደሪያ በወሩ መጨረሻ አልጋ አለን ብሏል» አሉ እትዬ። «የአባባ ሙት ዓመት ይለፍ። ያን ቀንም እንደዚህ ከሆነ እፈርማለሁ።» «ልጅቷስ?» «ወኪሉ ይወስዳታል፣ ምን ችግር አለ።» ምን ችግር አለ። ወኪሉ ሲወስዳት ወረቀቷን ደግሞ ሊያየው ነው፣ ዕድሜዋን ሊጠይቅ ነው፣ አገሯ ሊመልሳት ነው፣ እናቷ በሐጂ ካርሳን ሚስት ፊት ልትቆም ነው።

ቤተሰቡ እንደሄደ ሁለት ማንኪያ ይዛ አማ ፊት ቆመች፣ በአንዱ ጨው፣ በአንዱ ስኳር። ለምን እንዳደረገችው አታውቅም። «አማ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ዓይናቸውን ጨፍነው ጨዉን ላሱ፣ ሙሉ ማንኪያ ጨው፣ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። «ስኳር» አሉ። «ይኼስ?» «ይኼም ስኳር። ምን እየተጫወትሽብኝ ነው?» ዓይናቸውን ሲገልጡ የእሷን ፊት አዩ። ፊት መደበቅ አትችልም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አትችልም። አማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ እዚያው ረሱት። «የትኛው ነበር ጨዉ?» «የመጀመሪያው።» አማ «ለጂያ-ሆንግ እንዳትነግሪው» አሉ። «ጎረቤቴን አ-ጓንን እዚያ ማደሪያ ወስደው በአፍንጫዋ ነው የሚያበሏት፣ ሄጄ አይቻታለሁ፣ እንደ ችግኝ ነው የሚያጠጧት። ከዚያ እዚሁ በርጩማዬ ላይ ልሙት። አንቺስ የት ትሄጃለሽ?» እሷም «አልነግርም» አለች። አሁን ይኼን እየጻፈች ቱቦውን ታያለች፣ ቱቦው በፕላስተር ተይዟል፣ ፕላስተሩ ዳሩ ላይ ተነስቷል፣ መልሳ ትለጥፈዋለች፣ እንዴት ነው እጇ ይኼን ሁሉ የሚያደርገው? የማን እጅ ነው?

አማ መቅመስ አይችሉም፣ እሷ አትቀምስም፣ የሟቹ ባላቸው የአጎንግ ሙት ዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቅዳሜ ነበር። ለጎረቤት እንዳታስቀምስ ሰፈሩ ወሬኛ ነው፣ ከመምሸቱ በፊት ስልኩ ጋሼ ጋ ይደርሳል። ረቡዕ ዘፈዘፈችው፣ በዓይኗ፣ በሽታው፣ በማንኪያ እየለካች፣ ሐሙስ ጠዋት ከጠርዙ የጣት ያህል ቆርጣ ጠበሰችው። ዛሬ ሳምንቱ መሆኑ ነው፣ ሳምንት ብቻ! ሰሃኑ በእሷና በአማ መካከል ተቀምጧል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። አማ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያያሉ። ጓንቷን አወለቀች። በጣቷ አነሳችው፣ ጣቷን አቃጠላት፣ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ አኘከችው፣ ቆማ ጠበቀች። የምትጠብቀውን እንጃ፣ የሆነ ነገር ይሰበራል ብላ፣ ጣራው ይወርዳል፣ ቢያንስ ታስመልሳለች ብላ። ምንም አልሆነም። ማቀዝቀዣው እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፣ ጎዳናው ላይ የቆሻሻ መኪናው ሰፈሩን የሚጠራበትን ሙዚቃ እያሰማ ያልፋል። የሆነው ነገር ቢኖር መጣፈጡ ነው። መጀመሪያ ጣፋጭ፣ ቀጥሎ ዝንጅብሉ፣ ቀጥሎ ጮማው ምላሷ ላይ እንደ ቅቤ ሲሄድ፣ ይኼ ነው ያስደነገጣት፣ እንደ ጠላት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር እንደ ዘመድ ገባ። «ስኳር አንሶታል» ስትል ራሷን ሰማች፣ በማታፍር ሰው ድምፅ። አማ «ስንት?» አሉ። «ሁለት ማንኪያ። ጨዉ ልክ ነው።» አማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳደረጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፣ እናቷ ናት፣ ሐሙስ ደውላ አታውቅም፣ ለምን ሐሙስ? «ምነው ድምፅሽ? አፍሽ ውስጥ ምን አለ?» «ምንም እማ፣ ጥርሴን እየፋቅኩ ነው።» «በዚህ ሰዓት?» «እዚህ እንደዚህ ነው።» «እህትሽ ፈተናዋን አለፈች፣ ላንቺ ዱዓ አድርጌያለሁ፣ እንኳን ያንን አልነካሽ።» ስልኩን ዘግታ አፏን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠበች፣ ጣዕሙ ግን ከሳሙናው ሥር ነበር።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። ሥጋው በአጎንግ ፎቶ ፊት ተደረደረ፣ ዕጣኑ ተለኮሰ፣ ጋሼ ጂያ-ሆንግ ሁለቱን ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ቀይ እንጨቶች በእጃቸው ይዘው «አባባ፣ በልተው ጠገቡ?» ብለው ወረወሩ። አንዱ በሆዱ ሌላው በጀርባው ቢወድቅ ጠግቤያለሁ ማለት ነው፣ ሁለቱም ግን ተንጋለሉ፣ ሁለቱም ሲንጋለሉ ሟቹ ይስቃል። ደገሙት። ሟቹ ደግመው ሳቁ። «አባባ ዛሬ ምን አግኝተው ነው?» አሉ እትዬ ሜይ-ሁዋ። «አረቄ አንሶባቸው ነው፣ ጨምሩላቸው» አሉ ጋሼ። ዳሪኒ በማድ ቤቱ በር ቆማለች፣ ያውቃሉ፣ ሟቹ ያውቃሉ፣ ማን እንደቀመሰላቸው አውቀው ነው የሚስቁት። በአራተኛው ጠገቡ። ከዚያ ገበታ ቀርቦ ጋሼ ጂያ-ሆንግ አንድ ቁራጭ ጎረሱ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከዚያ መመገቢያ እንጨቶቻቸውን አስቀምጠው እናታቸውን አዩ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እናቴ ገና ናት! እንዲያውም ከድሮው በለጠ!» «ይሻላል» አሉ እትዬ፣ ሳይወዱ። አማ ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ጭቃ የሚያኝክ ሰው ይመስሉ ነበር፣ «ስኳሩን ሁለት ማንኪያ ጨመርኩበት» አሉ። የማደሪያውን ነገር ማንም አላነሳም፣ ሲሄዱ ጋሼ በመስኮቱ «ዳሪ፣ እናቴን ስላገዝሽ አመሰግናለሁ» አሏት፣ እሷም ደስ አላት፣ አላህ ያሳያችሁ፣ በዚያች ደቂቃ በደንብ ደስ ብሏት ነበር።

ሰኞ በመታጠቢያ ቤት ወደቁ። ድምፁ የሩዝ ከረጢት ድምፅ ነበር። የድንገተኛ ስልክ ስትደውል ሰውየው «የት ነው?» አላት፣ «ከአ-ሺንግ ሥጋ ቤት በስተኋላ» አለች፣ «እህቴ፣ አ-ሺንግን አላውቀውም፣ ቁጥሩን ንገሪኝ»፣ ዓመት ከመንፈቅ የኖረችበትን ቤት ቁጥር አታውቅም፣ በባዶ እግሯ ወጥታ ከበሩ ላይ አነበበችው፣ አንድ ቁጥር ዘልላ፣ ተመልሳ ወጥታ። ስትመለስ አማ ዓይናቸው ክፍት ነበር፣ ያዩአታል፣ አሁንም ያዩአታል፣ ይኼው ነቅተዋል፣ አንደበታቸው ግን ተይዟል። ዛሬ ጠዋት እትዬ ሜይ-ሁዋ መጥተው አልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። «አንቺ ልጅ ሌባ አይደለሽም፣ ሰነፍ አይደለሽም፣ ይኼን አውቃለሁ» አሉ። «ግን ዓይንሽ ከሰኞ ጀምሮ መሬት ላይ ነው።» «ዘወትር እንደዚህ ነው እትዬ፣ ዓይናፋር ነኝ።» «ዓይናፋርነትና ይኼ ይለያያል» ብለው የአማን ብርድ ልብስ አስተካክለው ሄዱ።

ስምንት ተኩል ሆኗል፣ ኮሪደሩ ላይ ጋሪ ይሰማል። እስካሁን የተጻፈውን ደግማ አየችው። ማክሰኞ መሆኑን ጽፋለች። እያወቀች ዝም ማለቷን ጽፋለች። ሐራም መብላቷን፣ መጣፈጡንም ጽፋለች፣ ወኪሉ የአገሯ ሰው ነው፣ ሲተረጉም ያነበዋል፣ ኢንድራማዩ ይደርሳል፣ ይድረስ። ሁሉም አለ። ግን ይኼን የሚያነብ ሰው «አሮጊቷ ናቸው አትናገሪ ያሏት፣ ልጅ ናት፣ ቃሏን ጠብቃ ነው» ይላል። ጋሼ ጂያ-ሆንግም ደግ ስለሆኑ እንደዚያ ይላሉ፣ እሷም ይቅር ተብላ ትቀራለች። እዚህ ላይ ማቆም ትችላለች። ወረቀቱም ሊያልቅ ነው።

ያልተጻፈው ዓርብ ነው። የቀመሰችበት ማግስት፣ የሙት ዓመቱ ዋዜማ፣ ጠዋት። ሥጋውን ገልብጣ ወደ አማ ክፍል ስትገባ አማ ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አንድ ጫማ አድርገዋል፣ ሌላው እግራቸው ባዶ ነው፣ የሕክምና ካርዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ዳሪ» አሉ፣ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ራሴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፣ ያ ነፋስ አይደለም። ለጂያ-ሆንግ ደውይለት፣ ሐኪም ቤት ይውሰደኝ፣ የፈለገበት ቦታ ቢከተኝም ይክተተኝ፣ ፈርቻለሁ።» ፈርቻለሁ ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ስልኩ ኪሷ ውስጥ ነበር። ከሐኪም ቤት በኋላ ማደሪያው፣ ከማደሪያው በኋላ ወኪሉ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አየችው። ጎንበስ ብላ ካርዱን ከእጃቸው ወሰደች፣ ትንሽ ያዙት፣ ከዚያ ለቀቁላት፣ መሳቢያው ውስጥ መልሳ ከተተችው። «ከቅዳሜ በኋላ አማ» አለቻቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ሳቅ ብላ፣ «ሥጋው እኮ ተዘፍዝፏል።» አማ አዩአት። ከዚያ «እሺ» አሉና ጫማቸውን ራሳቸው አወለቁ።